በአንገት ላይ የሚጻፈው ስም

በውሻ የአንገት ቀበቶ ላይ ስም መጥለፍ የታሪክ ጽሑፍ ይወጣዋል ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ብዙ አይመስለኝም። «ሰው የሚለብሰው አጥቶ ለውሻ ጥልፍ!» ብሎ ገጹን የሚገለብጥም አይጠፋም። አልፈርድበትም። ይሁንና ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ በየመኖሪያ ቤቱ፣ ከምግብ ጠረጴዛው ጥግ በተቀመጠች የጥልፍ መኪና የሚሠራው ይህ ትንሽ ሥራ ሁለት ረጃጅም ታሪኮችን ከኋላው ጎትቶ የመጣ ነው። አንደኛው በአንገት ላይ የሚጻፈው ስም የማን ነው የሚል ነው። ሌላው ጥልፍ ከእጅ ወደ መኪና፣ ከፋብሪካም ወደ ቤት እንዴት እንደ ገባ ይነግረናል። ሁለቱንም ሳገላብጥ እንደ ጠበቅኋቸው የዋህ ሆነው አላገኘኋቸውም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1899 ፈረንሳዊው የጥንታዊት ግብፅ አጥኚ ቪክቶር ሎሬ በነገሥታት ሸለቆ አንድ መቃብር አገኘ። መቃብሩ የንጉሥ አልነበረም። በቤተ መንግሥት ያደገ፣ በፈርዖን ቀኝ ማራገቢያ የመያዝ ማዕረግ የነበረው ማይሄርፕሪ የሚባል ወጣት ነበር የተቀበረበት። አብሮት በተቀበረው መጽሐፈ ሙታን ላይ መልኩ ጥቁር ተደርጎ ስለ ተሣለ ብዙ ሊቃውንት ኑብያዊ ነው ይሉታል። ከዕቃዎቹ መካከል ሁለት የቆዳ የውሻ አንገት ቀበቶዎች ተገኙ። የአደን እንስሳትና ፈረሶች በጥንቃቄ የተሠሩባቸው፣ ለጌጥም ለክብርም የታሰቡ ናቸው። ከሁለቱ በአንደኛው ላይ ታንታኑዊት የሚል ስም ተጽፏል። ይህ የማይሄርፕሪ ስም አይደለም፤ የውሻዋ ነው። ሴት እንደ ነበረችም የታወቀው በዚሁ ስሟ ነው። ዘመኑ ከእኛ ወደ 3,400 ዓመት ገደማ ይርቃል።

እዚህ ላይ አማርኛችን የሚያግዘን ነገር አለ። «ባለቤት» ስንል የንብረቱን ጌታ ማለታችን ነው፤ የትዳር ጓደኛም ማለታችን ነው፤ የሰዋስው መምህር ደግሞ የዓረፍተ ነገሩን አድራጊ ባለቤት ይለዋል። በማይሄርፕሪ ቀበቶ ላይ የጽሑፉ ባለቤት ውሻዋ ናት። ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ዘመን የተጻፈው ሌላኛው ባለቤት ነው።

የሮማ መንግሥት ወደ ማምሻው በደረሰበት በ4ኛውና በ5ኛው መቶ ዘመን የተሠሩ ከ40 በላይ የብረትና የነሐስ የአንገት ቀለበቶችና የእነርሱ ምልክቶች እስከ ዛሬ ተገኝተዋል። ከእነዚህ አንዱ ሮም በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዘክር አለ። የጽሑፉ መልእክት ባጭሩ፣ ኮብልያለሁና ያዘኝ፣ ለጌታዬ ለዞኒኑስ ብትመልሰኝ አንድ የወርቅ ሶሊዱስ ትቀበላለህ የሚል ነው። እንዲህ ያሉት ቀለበቶች በቁፋሮ ብቅ ሲሉ የውሻ ይሆኑ ይሆናል ብለው የገመቱ ነበሩ። ውሻ ግን አልነበረም ተሸካሚው፤ ባሪያ የተደረገ ሰው ነበር። ጽሑፉ «እኔ» እያለ ይናገራል፣ የተሸካሚው ስም ግን የለበትም። የተጻፈው የዞኒኑስ ስም ነው።

ሮማውያን ጥንት ናቸው ብለን እንዳናልፋቸው፣ በ1756 በለንደን ዌስትሚንስተር ሠፈር የነበረ አንድ አንጥረኛ በጋዜጣ ባወጣው ማስታወቂያ ለጥቁሮች ወይም ለውሾች የሚሆን የብር ቁልፍና የአንገት ቀለበት እንደሚሠራ አስነግሯል። ሁለቱ በአንድ መስመር፣ በአንድ ሒሳብ። ነገሩ የፈረንጅ ብቻ ነው እንዳንል ደግሞ እኛም ባሪያ ፈንጋይና ባሪያ ገዥ ከነበረ አገር የበቀልን ነን። ባርነትን ፈጽሞ የሚሽረው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው። እስከዚያ ድረስ በእኛ አገር በአንገት ላይ ጽሑፍ ማንጠልጠል ባይለመድም፣ ጌታው ለገዛው ሰው እናቱ ያወጣችለትን ትቶ ራሱ የወደደውን ስም ያወጣለት ነበር። ለውሻውም እንዲሁ። የአገራችን ሰው ለውሻው የሚያወጣው ስም ብዙ ጊዜ ለውሻው አይደለም፤ በአጥር ላይ ለጎረቤት የሚወረወር ነገር ነው። ጠዋትና ማታ «ና» እያለ ሲጠራው ጎረቤት ይሰማዋል። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» የሚለው ምሳሌያችንም የሚያስተምረን የጌታውን ቤት እንጂ የውሻውን ማንነት አይደለም።

በዚያው በእንግሊዝ አገር ነገሩን የታዘበው ሰው ገጣሚው አሌክሳንደር ፖፕ ይመስለኛል። በ1730ዎቹ ለዌልስ ልዑል ለፍሬድሪክ ለሰጠው ውሻ ቀበቶ የሚሆን ሁለት መስመር ጻፈ። ውሻው የልዑሉ መሆኑን ከተናገረ በኋላ ጎንበስ ብሎ ወደሚያነበው ሰው ዞሮ፣ አንተስ የማን ውሻ ነህ ብሎ ይጠይቀዋል። ቤተ መንግሥት ደጅ የሚጠና ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ግቢ ይህን ማንጠልጠል ቀልድ ብቻ አልነበረም።

የእንግሊዝ ሕግ ግን አልቀለደም። እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1992ቱ የውሾች ቁጥጥር ደንብ በመንገድ ላይ የሚገኝ ውሻ የአንገት ቀበቶ እንዲያደርግና በቀበቶው ወይም በተንጠለጠለው ምልክት ላይ የባለቤቱ ስምና አድራሻ እንዲጻፍ ያዝዛል። የውሻውን ስም ሕጉ አይጠይቅም።

ታዲያ የውሻው ስም ወደ ቀበቶው እንዴት ተመለሰ? የሰው ልብ ስለ ራራ ነው ብል ደስ ባለኝ። እኔ እንደማየው ዋናው ምክንያት ፊደል ስለ ረከሰ ነው። በብር ላይ ማስቀረጽ የልዑል ወጪ ነው፤ በእጅ ማስጠለፍም የብዙ ሰዓት ድካም አለበት። ፊደሉን ያረከሰችው የጥልፍ መኪና ናትና ወደ እርሷ እንሻገር።

በ1828 በሙልሃውስ ከተማ የሚኖረው ጆስዋ ሃይልማን የመጀመሪያዋን የጥልፍ መኪና ሠራ። ብልሃቱ መርፌዋ ላይ ነበር። ሁለቱም ጫፏ የሾለ፣ ቀዳዳዋ ከመካከል የሆነ መርፌ በመሥራቱ መዞር ሳያስፈልጋት ጨርቁን ከፊትም ከኋላም ትወጋዋለች። ጨርቁ በትልቅ ክፈፍ ተወጥሮ ይቆማል። ጠላፊው በግራ እጁ ፓንቶግራፍ የሚባለውን መሣሪያ ይዞ ስድስት እጥፍ ጎልቶ የተነደፈውን ሥዕል ነጥብ በነጥብ ሲከተል፣ ክፈፉ ያንኑ አሳንሶ ይንቀሳቀሳል። በቀኝ እጁ መዘውር ያዞራል፤ በእግሩ መርገጫ ይረግጣል። በአንድ ጊዜ መቶዎች የሚቆጠሩ መርፌዎች አንዱን አበባ መቶዎች ቦታ ይጠልፉታል። ችግሩ፣ የእያንዳንዷ መርፌ ክር አጭር ነውና ቶሎ ያልቃል። አንድ ሰው ተቀምጦ እነዚያን ሁሉ መርፌዎች በክር መሙላት አለበት።

ያ አንድ ሰው ማን ነበር? ይህች መኪና ሥር የሰደደችው በምሥራቅ ስዊስ፣ በሳንክት ጋለን ዙሪያ ነው። መጀመሪያ ፋብሪካ ውስጥ ነበረች። በ1877 የስዊስ ፌዴራል መንግሥት የፋብሪካ ሕግ አወጣ፤ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፋብሪካ እንዳይሠራ ከለከለ፣ የሥራ ቀኑንም ከ11 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ። በጎ ሕግ ነው። ግን የፋብሪካውን በር እንጂ የመኖሪያ ቤቱን በር አያንኳኳም። ስለዚህ መኪናዋ ወደ ቤት ገባች። ገበሬው በብድር ገዝቶ፣ ርዝመቷ ብዙ ሜትር የሆነውን ብረት ከቤቱ ሥር ወይም ከቤቱ ጎን በቀጠለው ክፍል ተከላት። ባል ይጠልፋል፣ ሚስት ክር ትሞላለች፣ ልጆች ከትምህርት ቤት በፊትና ከትምህርት ቤት በኋላ፣ ማታም በኩራዝ ክር ይሞላሉ። የሰዓት ገደብ የለ፣ ተቆጣጣሪ የለ። ትእዛዝ ሲቀር የሚራበውም ያው ቤተሰብ ነው። «በቤት የተሠራ» የሚለው ቃል በዛሬው ገበያ ሲነገር ሞቅ ያለ ነገር ያሰማል፤ የሳንክት ጋለንን ታሪክ ላነበበ ሰው ግን ትንሽ ይቀዘቅዛል።

ከዚህ የክር መሙላት ጣጣ የገላገለው ኢሳቅ ግሮብሊ ነው። በ1863 የስፌት መኪናን ዘዴ ተከትሎ፣ ከፊት ከክር ጥቅል የማይቋረጥ ክር የሚመጣላት፣ ከኋላ ደግሞ ሌላ ክር በመወርወሪያ የሚቀበላት መኪና ፈለሰፈ። መወርወሪያዋ ጀልባ ስለምትመስል በአገሩ ቋንቋ «ሺፍሊ»፣ ትንሿ ጀልባ፣ ተባለች። የእኛን ሸማኔ መወርወሪያ ያየ ሰው ስያሜው አይገርመውም። ልጁ ደግሞ በ1898 ንድፉን ከተበሳ ካርድ እያነበበ ራሱ የሚሠራ መሣሪያ ጨመረበት። ጠላፊው ሰው ከዚያ ወዲያ አስፈላጊነቱ እየቀነሰ ሄደ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጥልፍ ከስዊስ የወጪ ንግድ ቀዳሚው ነበር። ጦርነቱ መጣ፣ ቀጥሎም የሴቶች ልብስ ፋሽን ተለወጠና ገበያው ወደቀ። በ1920ዎቹ ለባለመኪናዎቹ ካሣ እየተከፈለ ብዙ ሺህ መኪና ተሰባብሮ ወደ ቁራጭ ብረት ተለወጠ። አባት ዕዳውን የከፈለባት፣ ልጅ ዓይኑን ያደከመባት መኪና!

ለስም መጻፊያ የምትመቸው ግን ሌላ ዘመድ አላት። በ1860ዎቹ ፈረንሳዊው ቦናዝ ያወጣት፣ በኋላም በኮርኔሊ ስም የታወቀችው የሰንሰለት ስፌት መኪና ከጠረጴዛው በታች እጀታ አላት፤ ሠራተኛዋ እጀታውን ወደምታዞርበት ስፌቱ ይሄዳል፣ በብዕር እንደ መጻፍ ያለ ነው። በአሜሪካ የነዳጅ ማደያና የጋራዥ ሠራተኞች ሸሚዝ ላይ በጀርባ የድርጅቱ ስም፣ በደረት የሠራተኛው ስም የተጻፈው በእንዲህ ያለችው መኪና ነበር። ሁለቱ ባለቤቶች በአንድ ሸሚዝ ላይ መሆናቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ፈጣን ነው። በ1980ዎቹ ኮምፒዩተር ገባ። በ1990 የጃፓኑ ጃኖሜ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን «ሜሞሪ ክራፍት 8000» የተባለ የጥልፍ መኪና ለገበያ አወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። የሽሮ ሜዳ ሰው ዛሬ «የኮምፒዩተር ጥልፍ» የሚለው የዚሁ ነገድ ነው።

ባለፈው ክረምት በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የአጎቴ ልጅ ቤት ሰንብቼ ሥራውን ሲሠራ አይቻለሁ። ቀን ሆስፒታል ትሠራለች፤ ማታ ማታ ለሰፈሯ ሰዎች ትጠልፋለች። ቀበቶው የቦርሳ ማንገቻ የሚሠራበት ዓይነት ጠንካራ የናይለን ጥብጣብ ነው፣ ስፋቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር። ዘለበቱ የሚገባው በመጨረሻ ነው፤ አለዚያ ጥብጣቡ ጠፍጣፋ ሆኖ አይወጠርም። ጥብጣቡ ወፍራም ስለሆነ ክፈፉ አይነክሰውም፤ ስለዚህ የሚያጣብቅ ወረቀት መሰል ጨርቅ በክፈፉ ትወጥርና ጥብጣቡን በላዩ ትለጥፈዋለች። ፊደሉ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል አይበልጥም። ስሙን ትጽፋለች፣ ቀለሙን ትመርጣለች፣ መኪናዋ ትጀምራለች። እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች። በደቂቃዎች ውስጥ አንድ ስም ያልቃል። ክር የሚሞላ ልጅ የለም። የሌሊቱ ሥራ ግን አለ፤ እኔ ስተኛ መኪናዋ ትንኳኳ ነበር።

በዚያ አካባቢ ብዙ ውሻ ከቆዳው በታች የሩዝ ፍሬ የምታህል ቺፕ አለው፤ የባለቤቱ ስምና አድራሻ በቺፗ ቁጥር ስም በመዝገብ ተቀምጧል። እንግሊዝ አገር በ2016 ይህን ግዴታ አድርጋዋለች። የጌታው ስም እንዲህ ወደ ቆዳ ውስጥ ሲገባ በውጭ ያለው ጥብጣብ ለሌላ ስም ሰፋ።

አንድ ቀን በዕድሜ ጠና ያሉ የአገራችን ሰው ቡችላ ይዘው መጡ። ስሙ «ቡቺ» ነው፤ እንደ ብዙዎቹ ቡችሎቻችን። «እህቴ፣ በእኛ ፊደል ይሁንልኝ» አሏት። ከመኪናዋ ጋር የመጣው የላቲን ፊደል ብቻ ነው፤ ግዕዙን ራሷ በኮምፒዩተር ነጥብ በነጥብ መንደፍ ነበረባት። «ቡ» ከ«ቢ» የሚለየው ያቺ ቅጥያ መሐል በመሆኗና ታች በመሆኗ ነው። ክሩ ራሱ 0.4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። በዚያ መጠን ቅጥያዋ ሁለት ሦስት ስፌት ብቻ ሆና ተዋጠች። ሁለት ጥብጣብ አበላሽታ፣ ፊደሉን አሳድጋ፣ ቅጥያዋን ከልክ በላይ አርዝማ በሦስተኛው ቡቺ ቡቺ ሆነ።

«ግን ጋሼ፣ ቢጠፋ ማን ያነብልዎታል?» አለቻቸው፤ በሰፈሩ አማርኛ የሚያውቅ በጣት የሚቆጠር ነው።

«ለሚያገኘው ሰው ስልኩ ይበቃዋል» አሉ ጋሼ። ቁጥሩን በውስጠኛው በኩል ጠለፈችላቸው።