የእረኛ ሒሳብ፤ ገበጣና የቁጥር ትምህርት

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ራስ ደጀን የሚጓዝ ሰው ሳንቃ በርን፣ ጊችንና ጨነቅን አልፎ፣ የቧሂትን መተላለፊያ ተሻግሮ፣ ወደ መሸሐ ወንዝ ቁልቁል ከወረደ በኋላ እንደገና ሽቅብ ሲወጣ አምቢኮ ይደርሳል። አምቢኮ የገብስና የበግ አገር ነው። እንዲህ ባለው ደጋ የሚያድግ ልጅ ሁለት ትምህርት ቤት አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንደኛው ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ያለው ነው። ሁለተኛው ጣራም ግድግዳም የለውም፤ መንጋው ሲሰማራ እረኞች መሬቱን ጎድጎድ ጎድጎድ አድርገው፣ ጠጠር ለቅመው፣ ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ሜዳ ነው። በዚህ ሜዳ የሚሰጠው ትምህርት ገበጣ ይባላል። ትምህርት መሆኑን ያሰበበት ሰው ግን ብዙ አይደለም።

ገበጣ ሲባል ሰምቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም ለማለት ይቻላል። ዳሩ ግን ከተሜው ወይ ረስቶታል፣ ወይ ለጌጥ በተቀረጸ ገበታ ላይ ብቻ ያውቀዋል። ስለዚህ ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ጨዋታውን እናስታውሰው።

በተለመደው አጨዋወት በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ይኖራል። ጉድጓዱን ቤት ይሉታል። በየቤቱ አራት አራት ጠጠር ይቀመጣል። ተጫዋቹ ከራሱ ቤቶች የአንዱን ጠጠር ዘግኖ በሚቀጥሉት ቤቶች አንድ አንድ እያለ ይዘራል። ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል፤ በብዙ ስፍራ ግን የመጨረሻው ጠጠር የወደቀበት ቤት ባዶ ካልሆነ፣ ያንኑ ዘግኖ መቀጠል ነው። በመጨረሻ ብዙ ጠጠር የሰበሰበ ያሸንፋል።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ጨዋታው ገና ሳይጀመር ልጁ አራትን እየደጋገመ ይደረድራል፤ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት እያለ በስድስተኛው ቤት 24 ይደርሳል። የባልንጀራው 24 ሲጨመር 48 ይሆናል። ይህ የብዜት ሠንጠረዥ ነው፤ ልዩነቱ ከሠንጠረዡ ይልቅ እጅ የሚዳስሰው መሆኑ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ አምስት ጠጠር ያለበት ቤት አምስተኛው ቤት ላይ እንደሚያደርስ መገመት አለበት። አሥራ ሁለት ጠጠር የተጠራቀመበት ቤት ዙሩን ጨርሶ ወደ ተነሣበት ይመለሳል፤ አሥራ ሦስት ከሆነ በአንድ ያልፈዋል። ጎበዝ ተጫዋች ይህን በጣቱ እየነካ አይቆጥርም፤ በዓይኑ አይቶ ያውቀዋል። ሲጨርሱም አንዱ 29 ከሰበሰበ፣ ሌላው 19 እንዳለው ሳይቆጠር ይታወቃል። ማን እንዳታለለም ይታወቃል! መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ቀሪ መፈለግ ሁሉም በአንድ ሜዳ ላይ ናቸው።

ታሪኩን የጻፉልን መጀመሪያ የውጭ ሰዎች ናቸው። ተከዜ ስሜንን በምሥራቅና በሰሜን ይከብበዋል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ትግራይ ነው። ቴዎዶር ቤንት የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1893 ወደ አክሱም በተጓዘበት ጊዜ ያየውን ገበጣ በመጽሐፉ ገልጾታል። እሱ ያየው 18 ቤቶች ያሉት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ዘጠኝ ቤት ይደርሰዋል፤ በየቤቱም ሦስት ሦስት ጠጠር ይገባል። እንግዲህ የአንዱ ድርሻ 27፣ የሁለቱ 54 መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ልጁ የሚደረድረው የሦስትን ብዜት ነው ማለት ነው። ባለ ሦስት ረድፉ ገበጣ የእኛው የአፍሪካ ቀንድ ልዩ ምልክት ሆኖ ይታወቃል፤ በሌላው ዓለም በብዛት የሚታየው ባለ ሁለትና ባለ አራት ረድፉ ነው።

ከቤንት በኋላ ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ማርሴል ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1911 ስለ ሐበሻ ጨዋታዎች ጽፏል። ሰፊውን ጥናት ያደረጉት ግን ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት እኒህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ የገበጣን ልዩ ልዩ አጨዋወት ከየአገሩ ሰብስበው አሳተሙ። በዚያው ዓመት ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረጅም ጽፈዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ሰንጠረጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጨዋታ ነበር፤ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ አይቷል። ገበጣ ግን ቤት አይመርጥም፤ የተቀረጸ እንጨት ያለው በእንጨቱ፣ የሌለው በመሬቱ ይጫወታል።

ቁጥርን በዙር ማሰብ ለአገራችን ሊቃውንትም እንግዳ አልነበረም። ባሕረ ሐሳብን እንውሰድ። የ2017 ዓ.ም. አጽዋማትን ለማውጣት ሊቁ 5500 ጨምሮ 7517 ዓመተ ዓለም ይላል። ይህን ለ19 ሲያካፍለው 12 ይቀረዋል፤ አንዱን ትቶ 11 ወንበር ያወጣል። 11ን በ11 አባዝቶ 121 ያገኛል፤ በሠላሳ በሠላሳ ሲገድፈው 1 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። 11ን በ19 አባዝቶ 209 ያገኛል፤ እንደዚሁ ሲገድፈው 29 ይቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፤ ስሌቱ ልክ መሆኑ የሚታወቀውም በዚህ ነው። አሥራ ሦስት ጠጠር አሥራ ሁለቱን ቤት ዞሮ በአንድ እንደሚያልፍ የሚያውቅ እረኛና ሠላሳውን ገድፎ ቀሪውን የሚይዝ የአቡሻክር ተማሪ የሚሠሩት አንድ ዓይነት ሥራ ነው። የሚለያዩት በአንድ ነገር ነው። የቆሎ ተማሪው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይለዋል፤ የኔታም ሲሳሳት ያርሙታል። እረኛው ግን በእጁ እንጂ በአፉ አይሠራም።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ሒሳብ በሰሌዳና በደብተር የሚሠራ ሆነ። ገበጣ ደግሞ የሥራ ፈት ጨዋታ ተብሎ ከግቢው ውጭ ቀረ። ብዙዎቻችን የብዜት ሠንጠረዥን ያጠናነው በአለንጋ ፍርሃት ነው። ከሜዳ ላይ አራትን ስድስት ጊዜ ደርድሮ የመጣ ልጅ፣ አራት ጊዜ ስድስት ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ልጁ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ በእጁ የሚያውቀው ነገር ስሙ ያ መሆኑን የነገረው የለም።

እዚህ ላይ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ጥናት ይረዳናል። ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ ከድኻ ቤተሰብ የመጡ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናትን በሁለት ወገን ከፍለው አጫወቱ። የአንደኛው ወገን ገበታ ከ1 እስከ 10 የተጻፉ ቤቶች ነበሩት፤ ልጆቹ በተራመዱ ቁጥር የደረሱበትን ቁጥር በአፋቸው ይጠሩታል። የሁለተኛው ወገን ገበታ ተመሳሳይ ሆኖ በቁጥር ፋንታ ቀለም ተቀብቶበታል፤ ልጆቹ የሚጠሩት የቀለሙን ስም ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለአራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሩብ ሰዓት ያህል ተጫወቱ። ቁጥር የጠሩት በመቁጠርም፣ የቁጥርን ትልቅነት በማነጻጸርም፣ ቁጥር በማንበብም ተሻሻሉ፤ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላም ለውጡ አልጠፋም። ቀለም የጠሩት አልተሻሻሉም።

ከዚህ የምንማረው ጨዋታ ሁሉ ሒሳብ ያስተምራል የሚል አይደለም። ይልቁንም ጨዋታው ትምህርት የሚሆነው ቁጥሩ ሲጠራ ነው የሚል ነው። እነዚያ ተመራማሪዎች ገበጣን አልፈተኑም። እኔ ግን ከእረኛው እጅና ከቆሎ ተማሪው አፍ ጋር ሳስተያየው፣ እኛ ዘንድ ሁለቱ በአንድ መንደር እየኖሩ ሳይገናኙ እንደቆዩ ይታየኛል። የሚያገናኛቸው መምህር ነው። ወጪም አያስፈልገውም፤ አሥራ ሁለት ጉድጓድና አርባ ስምንት ጠጠር ይበቃል። መምህሩ፣ «ከመዝራትህ በፊት የት እንደምትደርስ ንገረኝ» ይበል። «አንተ 31 ካለህ እርሷ ስንት አላት?» ይበል። ልጁ መልሱን ይናገር፤ ቀጥሎ በደብተሩ ይጻፈው። ገበጣ በሰሌዳ ፋንታ ይግባ ማለቴ አይደለም፤ ወደ ሰሌዳው የሚያደርስ መንገድ ይሁን ማለቴ ነው።

ነገሩ የትዝታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጻፈበት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው የሰሜኑ ጦርነት ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ድረስ ዘልቆ ሕዝቡን አስጨነቀ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። ሰሌዳው በተዘጋ ቁጥር ለደጋው ልጅ የሚቀረው ሁለተኛው ትምህርት ቤት ነው። ያ ትምህርት ቤት የሚጎድለው ቁጥሩን ስሙን ጠርቶ የሚያስጠራው ታላቅ ሰው ብቻ ነው። እናት፣ አባት፣ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ይህን ለማድረግ ዲፕሎማ አያሻቸውም። ከልጁ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው፣ «ስንት ሆነ?» ማለት ይበቃቸዋል።