ጠንካራ እንጨት የሚቆርጡ ትላልቅ የሞተር መጋዞች ንጽጽር

ትላልቅ የሞተር መጋዞች በደን ልማት፣ በመንገድ ጥገናና በአደጋ መከላከል ሥራ ላይ ለተሰማሩ መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ መሣሪያዎች ናቸው። ይሁንና እንደ ወይራና ቀይ ባሕር ዛፍ ያሉ ጠንካራ እንጨቶችን ለመቁረጥ መጋዝ ሲገዛ የሞተሩ ትልቅነት ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይገባም።

በዘርፉ ከሚታወቁት አምራቾች መካከል የጀርመኑ ስቲልና የስዊድኑ ሁስክቫርና ይገኙበታል። የስቲል ኤምኤስ 881 የሞተር ይዘቱ 121.6 ኩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ ጉልበቱ 6.4 ኪሎ ዋት፣ ክብደቱም ያለ ባርና ሰንሰለት 9.9 ኪሎ ግራም ነው። የሁስክቫርና 3120 ኤክስፒ 118.8 ኩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ 6.2 ኪሎ ዋትና 10.4 ኪሎ ግራም ነው። በመካከለኛው ደረጃ የሚገኘው ኤምኤስ 661 በ91.1 ኩቢክ ሴንቲ ሜትር 5.4 ኪሎ ዋት ሲሰጥ ክብደቱ 7.4 ኪሎ ግራም ነው። 592 ኤክስፒ ደግሞ በተመሳሳይ ክብደት 5.6 ኪሎ ዋት ይሰጣል።

ከእነዚህ አኃዞች መረዳት እንደሚቻለው ኤምኤስ 881 ከኤምኤስ 661 በጉልበት የሚበልጠው 19 በመቶ ያህል ሲሆን በክብደት ግን በ34 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በመሆኑም ትልቁ መጋዝ ተመራጭ የሚሆነው ከመካከለኛው መጋዝ ባር አቅም በላይ ለሆኑ ግንዶችና ጣውላ ለማውጣት ነው። ቀኑን ሙሉ ዛፍ ለሚጥልና ቅርንጫፍ ለሚመለምል ሠራተኛ ግን ድካምን፣ ድካሙም አደጋን ያስከትላል።

የቦታው ከፍታም ሊጤን ይገባል። አየር በሚሳሳበት ደጋ የሞተር ጉልበት የሚቀንስ ሲሆን በአዲስ አበባ ከፍታ ቅናሹ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይደርሳል። ካርቡሬተሩ በእጅ የሚስተካከል መጋዝ እንደ ከፍታው ካልተስተካከለ ነዳጅ ያባክናል፤ ለደጋ የተስተካከለው መጋዝ ሳይታረም ቆላ ቢወርድ ደግሞ ሞተሩ ከመጠን በላይ ሊግልና ሊቃጠል ይችላል። ኤምኤስ 661 ሲ-ኤም እና 592 ኤክስፒ የነዳጁን መጠን ራሳቸው የሚያስተካክሉ በመሆናቸው በተለያየ ከፍታ ለሚንቀሳቀሱ ቡድኖች ያመቻሉ።

ሰንሰለትን በተመለከተ፣ ስለታም ማዕዘን ያለው ጥርስ ንጹሕ እንጨትን በፍጥነት ይቆርጣል። ማዕዘኑ የተጠጋጋው ጥርስ ፍጥነቱ አነስተኛ ቢሆንም በደረቅና አቧራ በያዘ እንጨት ላይ ስለቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይጠብቃል። በደነዘ ሰንሰለት የሚሠራ ትልቅ ሞተር በደንብ ከተሞረደ መካከለኛ መጋዝ ያነሰ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ደኅንነት ነው። የባሩ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ መጋዙ በቅጽበት ወደ ሠራተኛው ሊወረወር ይችላል። የሰንሰለት ፍሬኑ በየዕለቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መፈተሽ ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው። የራስ ቁር ከፊት መከለያ ጋር፣ የጆሮ መከላከያ፣ መጋዝ የሚከላከል ሱሪና ቦት ጫማ ከመጋዙ ጋር በአንድ በጀት ሊያዙ ይገባል።

ስለዚህ የግዥ ዝርዝር መግለጫ የንግድ ምልክት ከመጥቀስ ይልቅ የሚቆረጠውን ግንድ ውፍረት፣ የሥራውን ቦታ ከፍታ፣ የሚፈለገውን ጉልበትና የክብደት ጣሪያ ቢገልጽ ይመረጣል። የመለዋወጫ አቅርቦት፣ የጥገና አገልግሎትና የሠራተኛ ሥልጠናም በውሉ ውስጥ ሊካተቱ ይገባል። እነዚህ ካልተሟሉ የተገዛው መጋዝ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል፤ አለዚያም ባልሠለጠነ እጅ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።