አብሾና የቤተ ሙከራው አይጥ

ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የሚወጣ፣ ቅኔ ሲዘርፍ የማይደናቀፍ ተማሪ ሲገኝ ሰው «አብሾ ጠጥቶ ይሆናል» ይላል። አብሾ ልብ ይከፍታል፣ ቀለም ያስይዛል ተብሎ በስውር የሚጠጣ መድኃኒት ነው። አቀማመሙ በደብተራዎች ዘንድ ምስጢር ቢሆንም፣ ዋና ቅመሙ ዓፀ ፋሪስ መሆኑ በሰፊው ይታወቃል። አበባው እንደ መለከት የተከፈተ፣ ፍሬው እሾሃማ፣ ዘሩ ጥቁር፣ በመንገድ ዳር የሚበቅል አረም ነው።

 

አብሾ በእውነት ቀለም ያስይዝ እንደሆነ ያጠራው ቤተ ሙከራ ነው። ዓፀ ፋሪስ ስኮፖላሚን የተባለ ንጥረ ነገር አለው። ይህ ንጥረ ነገር አንጎል ለመማር የሚጠቀምበትን የአሴቲልኮሊንን መቀበያ ይዘጋል። በ1974 እ.ኤ.አ. ድራክማንና ሌቪት የተባሉ ተመራማሪዎች ስኮፖላሚንን ለጤነኛ ወጣቶች ሰጥተው ሲፈትኗቸው፣ የማስታወስ ችሎታቸው እንደ አረጋውያን ደክሞ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ስኮፖላሚን አይጥን ሆን ብሎ ለማስረሳት የሚወጋ መድኃኒት ሆኗል።

የአይጥ ማስታወስ የሚለካበት ፈተና ብዙ ዓይነት ነው። ስመ ጥሩውን በ1981 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሪቻርድ ሞሪስ ነው፤ መጀመሪያ ለአይጠ መጎጥ የተሠራ ሲሆን ኋላ ለአይጥም ዋለ። ክብ ገንዳ ውሃ ይሞላል፤ ወተት ተጨምሮበት ይደፈርሳል፤ ከውሃው በታች መቆሚያ ይደበቃል። አይጧ መጀመሪያ ዝም ብላ ትዋኛለች። በተከታታይ ቀናት ስትለማመድ ግን በክፍሉ ያሉትን ምልክቶች አይታ በቀጥታ ወደ መቆሚያው ታመራለች። ስኮፖላሚን የተወጋችው ግን ቦታውን መያዝ ያቅታታል። ለመርሳት በሽታ የታሰበ አዲስ መድኃኒት የሚፈተነውም ይህችን አይጥ መልሶ ማስታወስ በማስቻሉ ነው።

እንግዲህ ቀለም ያስይዛል የተባለው አረም፣ ተመራማሪዎች መርሳትን የሚፈጥሩበትን ንጥረ ነገር የያዘ ነው። ቅዠትና የልብ ምት መፍጠን ያመጣል፤ መጠኑ ሲበዛም ይገድላል። «አብሾው ተነሳበት» እየተባለ አእምሮው የታወከውን ሰው ያየ መንደር ይህን ያውቀዋል። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ለተማሪው ድካም የሚገባው ምስጋና ለአረም መሰጠቱ።

የኔታ ያቀበሉትን ቀለም ተማሪው በጨለማ፣ ያለ መጽሐፍ፣ ደበሎውን ለብሶ ደጋግሞ ያሰማል። ጠዋት ይቀጽላል፤ ከሰዓት ለታናናሾቹ ያስቀጽላል፤ በማግስቱ ያንኑ ከልሶ አዲስ ይጨምራል። ድጓን ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም ድረስ የሄደ ተማሪ ዓመታት የፈጀው በዚህ ነው።