«ቪስታን ይችላል» የተባለው ኮምፒውተር

በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ታሪኩም የተጀመረው እነሱ ሰፈር ነው) አሜሪካ ውስጥ ከሱቅ የሚወጡ ብዙ ኮምፒውተሮች ፊታቸው ላይ አንዲት ትንሽ ተለጣፊ ነበረቻቸው። «ዊንዶውስ ቪስታን ይችላል» ትላለች። ቪስታ ራሱ ግን ገና አልወጣም ነበር። ለተራው ሰው ገበያ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 30 ቀን 2007 ነው። ዊንዶውሱ ስለዘገየ ሰው «አዲሱ እስኪወጣ ልቆይ» ብሎ የገና ግዢውን እንዳይተው ተፈራ። ስለዚህ «ግዴለም፣ አሁን ግዙ፤ ይሄ ማሽን ለሚመጣውም ይበቃል» የምትል ወረቀት ተለጠፈች።

ወረቀቷ ሙሉ በሙሉ ውሸታም አልነበረችም። ግማሽ እውነት ነበረች፤ እሱ ደግሞ ይብሳል። እኛ ይህን የቆየ ጉድ ዛሬ የምናነሳው «ኮምፒውተርህ አርጅቷል» የሚለውን ፍርድ ማን እንደሚሰጥ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ታሪክ ስላላገኘን ነው። እስኪ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

የቤት ኮምፒውተር ከቴሌቪዥን የሚለየው ሆዱ ስለሚከፈት ነው። አይቢኤም በ1981 ያወጣው ፒሲ ውስጡ አምስት የካርድ ማስገቢያዎች ነበሩት። ሚሞሪ ያነሰው ሚሞሪ፣ ስክሪኑ ያልበቃው የስክሪን ካርድ እየገዛ ይሰካል። አፕል በ1984 ያመጣው ማኪንቶሽ ግን 128 ኪሎባይት ሚሞሪ ይዞ ተዘግቶ መጣ። ሰው አልተኛም። ዓመት እንኳ ሳይሞላው ዶክተር ዶብስ ጆርናል የተባለው መጽሔት ቺፖቹን ነቅሎና በይዶ እንዴት 512 ኪሎባይት ማድረግ እንደሚቻል ጻፈ። በሌላ አነጋገር ሚሞሪ የመጨመር ታሪክ የጀመረው ከፋብሪካው ፈቃድ ጋር ብቻ ሳይሆን ያለፈቃዱም ነው።

ወደ እኛ ዕድሜ እንምጣ። ኦክቶበር 2001 ላይ ኤክስፒ ወጣ። በወረቀት ላይ የሚፈልገው ቢያንስ 64 ሜጋባይት ራም ነው፤ ማይክሮሶፍት የመከረው ደግሞ 128። በ64 የሞከረው ያውቀዋል! ራም ሲሞላበት ዊንዶውስ የያዘውን ነገር ከፊሉን ወደ ሃርድ ዲስክ ያወርደዋል፤ ሲፈልገው ደግሞ መልሶ ያወጣዋል። ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህንና የሚንቀሳቀስ ክንድ ነው፤ ከራም ጋር በፍጥነት የሚወዳደር ነገር አይደለም። አንድ ፋይል በከፈትን ቁጥር ያ የሚንኳኳ ድምፅና የቆመው አይጥ ጠቋሚ የዚህ ውጤት ናቸው። እኛ አገር ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ብለን ስለምንጠራው ማሽን ሲንቀራፈፍ «ሲፒዩው ደከመ» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ሲፒዩው ምንም አልሆነም። ሥራ ፈቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው። 256 ሜጋባይት የሆነች አንዲት የራም ቁራጭ ሲጨመርለት ያው አሮጌ ማሽን ሌላ ማሽን ይሆናል።

ዋጋውስ? እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ኤክስፒ በወጣበት ሰሞን የሚሞሪ ዋጋ በገበያ ብቻ አልነበረም የሚወሰነው። ትልልቆቹ አምራቾች ከ1999 እስከ 2002 ባለው ጊዜ ዋጋ ላይ ይመካከሩ እንደነበር በኋላ አሜሪካ ፍርድ ቤት አምነዋል። ኢንፊኒየን በ2004 160 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2005 ሃይኒክስ 185 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግ 300 ሚሊዮን፣ በ2006 ደግሞ ኤልፒዳ 84 ሚሊዮን ዶላር ተቀጡ። ማሽኑ ዘገየ ብሎ ሚሞሪ የገዛ ሰው በተመሳጠሩ ሰዎች ዋጋ ገዝቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የግራፊክሱ ታሪክ ትንሽ ደስ ይላል። በ1996 ስሪዲኤፍኤክስ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ቩዱ የሚባለውን የጌም ቺፕ አወጣ። ቩዱ ካርድ 4 ሜጋባይት ሚሞሪ ነበረው። የሚገርመው፣ ተራውን የዊንዶውስ ገጽ መሳል አያውቅም! የድሮው ካርድ በቦታው ይቆያል፣ ከሱ የሚወጣው ኬብል ቩዱ ላይ ይሰካል፣ ከቩዱ ደግሞ ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። ጌም ሲከፈት ቩዱ ስክሪኑን ይረከባል፣ ሲዘጋ ለሽማግሌው ይመልሳል። አሮጌውን ሳያባርሩ ማደስ ማለት ይሄ ነው። ኩባንያው ግን አልሰነበተም። በ2000 መጨረሻ አብዛኛውን ንብረቱን ለኤንቪዲያ ለመሸጥ ተስማማ።

ብዙኃኑ ርካሽ ኮምፒውተር ግን ካርድ የሚባል ነገር አያውቅም። ግራፊክሱ ማዘርቦርዱ ላይ ነው፣ የራሱ ሚሞሪ የለውም፣ ከራሙ ይበደራል። 512 ሜጋባይት አለው የተባለ ማሽን 64ቱን ለግራፊክስ ካበደረ የሚቀረው 448 ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ራም መጨመር ከግራፊክሱ ብድር በኋላ የሚተርፈውን ማስፋትም ነው።

አሁን ወደ ተለጣፊዋ። ማይክሮሶፍት ሁለት ደረጃ አወጣ። «ቪስታን ይችላል» ለመባል 800 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 512 ሜጋባይት ራም ይበቃል። «ለፕሪሚየም ዝግጁ» ለመባል ግን 1 ጊጋባይት ራም፣ 128 ሜጋባይት የግራፊክስ ሚሞሪና አዲሱን የቪስታ ዓይነት የግራፊክስ ድራይቨር የሚቀበል ቺፕ ያስፈልጋል። ማስታወቂያው ላይ የምናየው ያ መስታወት የመሰለ፣ ከጀርባው የሚያሳይ መስኮት የሚሠራው በሁለተኛው ብቻ ነው። የመጀመሪያውን የገዛ ሰው ቪስታ ይጫንለታል፣ መስታወቱ ግን የለም።

ለምን ሁለት ሆነ? ኢንቴል በ2004 ያወጣው 915 የሚባል ቺፕሴት ላይ ያለው ግራፊክስ ያንን አዲስ ድራይቨር አልተቀበለም። 915 ደግሞ በብዙ ላፕቶፕና ርካሽ ዴስክቶፕ ውስጥ ነበር። በ2007 ሲያትል ላይ ክስ ተመሠረተ፤ በፌብሩዋሪ 2008 የማይክሮሶፍት የውስጥ ኢሜይሎች በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ለሕዝብ ወጡ። ከውስጣቸው አንዱ መስፈርቱ የተቀነሰው ኢንቴል የሩብ ዓመት ገቢው ላይ እንዲደርስ ለመርዳት ነው ይላል። ማይክ ናሽ የተባለው ምክትል ፕሬዚደንት ደግሞ ተለጣፊዋን አምኖ ላፕቶፕ ገዝቶ፣ አሁን ያለኝ የ2,100 ዶላር ኢሜይል መጻፊያ ነው ብሎ ለባልደረቦቹ አማረረ። የገዛ ወረቀታቸው የራሳቸውን አለቃ ሸወደችው!

ዴስክቶፕ የነበረው ሰው መላ ነበረው። ክዳኑን ፈትቶ የግራፊክስ ካርድ መሰካት ነው፤ ያውም ማስገቢያው ካለውና ፓወር ሰፕላዩ ከቻለ። ማስገቢያው ራሱ በ2004 ከኤጂፒ ወደ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ተቀይሯል፣ አንዱ ካርድ ሌላው ላይ አይገባም። አምራቾቹ ግን የኤጂፒ ባለቤቶችን ወዲያው አልጣሉም። ኤንቪዲያ በ2006 ጂፎርስ 7800 ጂኤስን ለድሮው ማስገቢያ አወጣ፣ ከራዲዮን ኤችዲ 3850 ካርዶችም በ2008 በኤጂፒ የተሠሩ ነበሩ። ራምም እንዲሁ ነው። ዲዲአር 184 እግር አለው፣ ዲዲአር2 ደግሞ 240፤ ታችኛው ጠርዝ ላይ ያለው ስንጥቅ ቦታው የተለያየው በጉልበት ለማስገባት የሚሞክር ሰው ስለማይጠፋ ነው። ላፕቶፕ የገዛው ምስኪን ግን ራም ቢጨምር እንኳ ግራፊክሱን የሚነቅልበት መንገድ የለውም። 915 የተሸጠለት ሰው በ915 ኖረ።

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? አገባን እንጂ። ኤክስፒ አብሮት የሚመጣ የፊደላችን ፎንት አልነበረውም። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ እያለ ኤክስፒ ላይ የአማርኛ ድረ ገጽ ሲከፈት የሚታየው በረድፍ የተሰለፈ ባዶ ሳጥን ነበር። ኒያላ የሚባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ የመጣው ቪስታ ነው። እናም አሮጌ ማሽን ያለው አማርኛ አንባቢ ፊት የቀረበው ምርጫ የሚያስቅ ነበር፤ «ሀ»ን እንዲያይ የተመጠነለት ዊንዶውስ ግማሽ ጊጋባይት ራም ይፈልጋል።

በእኛ አስተያየት ትልቁ ማጭበርበር እዚህ ነው፤ ማንም ሆን ብሎ ባያደርገውም። «ሀ»ን ለመሳል ግማሽ ጊጋባይት አያስፈልግም። የፎንት ፋይሉ አንድ ሜጋባይት አይሞላም። ጂኤፍ ዘመንን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን በነፃ አውርዶ ኤክስፒው የፎንት ማኅደር ውስጥ መጣል ነበር፤ 128 ሜጋባይት ያለው ማሽን ሳጥኖቹን ፊደል አድርጎ ያነባል። ይህን የነገረው ጓደኛ ያለው ሰው ምንም አላወጣም። ጓደኛ የሌለው ሰው ማሽኑ አማርኛ «አይችልም» ተብሎ ተቀመጠ። በአንዱ ቤት አሮጌ፣ በሌላው ቤት ደህና የሆነው ያው ማሽን ነው።

የሲያትሉ ክስ መጨረሻ አያስደስትም። በፌብሩዋሪ 2009 ዳኛዋ የጋራ ክስነቱን ሰረዙት፤ ለብቻዬ ልከራከር ያለ ለብቻው ይከራከር ተባለ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ዊንዶውስ 7 ወጣ፣ ቢያንስ 1 ጊጋባይት ራም ጠየቀ፣ ስለ ቪስታም የሚያወራ ጠፋ።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሲያበቃ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ ተመለሰ። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ራም 4 ጊጋባይት ብቻ ነው። አሮጌውን ማሽን የሚጥለው ግን ራም ሳይሆን ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት መስፈርትና ማይክሮሶፍት ያወጣው የፕሮሰሰሮች ዝርዝር ነው። ከኢንቴል ሰባተኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶቹ በስተቀር ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ 32 ጊጋባይት ራምና ውድ የግራፊክስ ካርድ ብንሰካበትም የማይክሮሶፍት መመርመሪያ ከፍቶ አይቶ «አይችልም» ይለናል።