ጥይት ሲመነዘር

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አራዳ ገበያ የወጣ ሰው ሦስት ዓይነት ገንዘብ ሊያጋጥመው ይችል ነበር፤ ጠገራ ብር፣ አሞሌ ጨውና ጥይት። ብሩ ለትልልቁ ግዢ ሲሆን፣ አሞሌውና ጥይቱ የዝርዝር ቦታ ይሸፍኑ ነበር። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በተንጣለለው በዚያ ገበያ ጥይት ቆጥሮ ዕቃ መግዛት እንግዳ ነገር አልነበረም።

በገንዘብነቱ የታወቀው የውጅግራ ጥይት ነው። «ውጅግራ» የሚለው ስም «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ ግራ የተባለው መኮንን ያበጀውን ይህን ጠመንጃ የፈረንሳይ ጦር የታጠቀው እ.ኤ.አ. በ1874 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ለበል ሲተካው አሮጌው መሣሪያ በነጋዴ እጅ ወደ እኛ ጎረፈ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተተኮሱት ጠመንጃዎች አንዱ እሱ ነው።

ጥይት ለምን ገንዘብ ሆነ? አሞሌ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፣ ሲወድቅ ይሰበራል። ጥይት ግን መጠኑ እኩል ነው፣ በዝናር ይያዛል፣ ባይመነዘር እንኳ ይተኮሳል። ከተተኮሰ በኋላስ? ባሩዱ ይነዳል፣ አረሩ ይሄዳል፣ ቀለሁ ይቀራል። አረር እርሳስ ቀልጦ ይሠራል፤ ባሩድም በአገር ውስጥ ሲቀመም የኖረ ነው። የናሱ ቀለህ ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነበርና ባዶውም የሚናቅ ዕቃ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ቀለህ ዕድሜ አለው። የጥይት ናስ 70 እጅ ያህሉ መዳብ፣ 30 እጅ ያህሉ ዚንክ ነው። ሲተኮስ ይለጠጣል፣ እንደገና ሊሞላ ሲል ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ናሱ እየደረቀ ሄዶ አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ እሳት ነው፤ አንገቱ ብቻ በልክ ሲሞቅ ናሱ ይለሰልሳል። ቂጡ ግን መሞቅ የለበትም፤ የባሩዱን ግፊት የሚችለው ጠንካራ ሲሆን ነውና፣ ከለሰለሰ ተኳሹን ይጎዳል። አረብ ብረት ግሎ ውኃ ሲነከር ይጠነክራል፤ ናስ ግን ቢነከርም እንደለሰለሰ ይቀራል። ውኃው የሚያስፈልገው ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይወርድ ለማገድ ነው።

ናስ ሳይተኮስም ይሰነጠቃል። በሕንድ እንግሊዞች በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ ያከማቹት ጥይት እየተሰነጠቀ አስቸግሯቸው ነበር። ምክንያቱ ከፈረሱ ሽንት የሚወጣው አሞንያና ናሱ ሲሠራ በውስጡ የቀረው ውጥረት መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1921 ተብራርቷል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የእሳት ዕውቀት ነው። ፒያሳን ያስጠሩት ወርቅ ሠሪዎችም ሲቀጠቀጥ የደረቀባቸውን ወርቅና ብር እሳት አሳይተው ያለሰልሱታል፤ ሕጉ አንድ ነው። ታዲያ ነፍሱን ለብረትና ለናስ አደራ የሰጠው ጦረኛ ኅብረተሰብ፣ ብረት የሚሠራውን ሰው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያለ ሲሰድብ ኖረ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ዕድሜ ነበረው።

የካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ፤ ሳንቲምና ወረቀት ቀስ በቀስ የጥይትን ቦታ ወሰዱ። ገበያውንም ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ወደ መርካቶ አዛወሩት። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. እዚያው ፒያሳ ተከፍቷል። ተኳሹን ስናስብ፣ በስድብ መካከል እሳቱን ያላጠፋውን ባለሙያም ማሰብ ይገባናል።