የምዕራቡ ቆላ ካርታ፦ ሁመራ፣ አብደራፊ፣ መተማ

ካርታው ከሁመራ በአብደራፊ በኩል እስከ መተማ የሚዘልቀውን የሰሊጥ አገር ያሳያል። በ1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት (ኢዲዩ) ጦር ከሱዳን ተነሥቶ ሁመራንና መተማን የያዘው በዚሁ ቆላ ነው። ከመሪዎቹ መካከል ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩምና የበጌምድር ገዥ የነበሩት ጄኔራል ነጋ ተገኝ ይገኙበታል።

ከውጊያው ጀርባ የሕገ መንግሥታዊ ዘውድ ሐሳብም ነበር። በ1966 ዓ.ም. የተረቀቀው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ገድቦ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለፓርላማ ተጠያቂ ሊያደርግ ነበር። ሥልጣን የያዘው ወታደራዊው ደርግ አላጸደቀውም። መስከረም 1967 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ሥልጣን አልባ ንጉሥ እንዲሆኑ አወጀ፤ መጋቢት ላይ ዘውዱን ጨርሶ ሻረ። ያ ዕድል ሳይሞከር መቅረቱ እስከ ዛሬ ያስቆጫል።

የተዋጋው ሁሉ ግን ለዘውድ አልተዋጋም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ እርሻቸውን የወሰደባቸው የሁመራ ባለሀብቶችም ጠመንጃ አንሥተዋል። ኅብረቱም የዘውዱን ጉዳይ ለሕዝብ ውሳኔ እተዋለሁ ይል ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ የመንግሥት ጦርና ሚሊሺያ ከተሞቹን አስለቀቁ። የዘውዱ ሐሳብ ተሰደደ፤ መጋቢት 1981 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ለንደን ላይ «ቀዳማዊ አምኃ ሥላሴ» ተብለው በስደት ንጉሠ ነገሥትነታቸው ታወጀ። ሞዐ አንበሳ የተባለው የስደተኞች ማኅበርም ሕገ መንግሥታዊ ዘውድ እንዲመለስ ተሟግቷል።