የጋፋት ተቀጣሪዎች

ባለፈው ክረምት ለጥቂት ቀናት ደብረ ታቦር ሰንብቼ ነበር። ያረፍኩበት ቤት ልጅ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ያለ ሥራ የተቀመጠ ወጣት ነው። ምኞቱ የስልክና የኮምፒውተር ጨዋታ መሥራት ነው። አንድ ማታ ቡና ተፈልቶ ስንጫወት፣ ሰባት ስምንት ሰው ብቻ ላለበት የጨዋታ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አስገብቶ እንደነበር አወጋኝ። ዲግሪውን ገልጠው እንኳ አላዩለትም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እስካሁን የሠራኸውን አሳየን። የሚያሳየው አልነበረውም።

«ጋሼ፣ ሳይቀጥሩኝ የት ሠርቼ ላሳያቸው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ግን ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ወደምትገኘው ወደ ጋፋት ስሄድ ጥያቄው አብሮኝ ሄደ። ያች ጉብታ ዛሬ ሣር የለበሰች ጸጥተኛ ቦታ ትሁን እንጂ፣ የዛሬ 160 ዓመት ገደማ በአገራችን ታሪክ እጅግ እንግዳ የሆነ የሥራ ቅጥር የተካሄደባት ስፍራ ነበረች።

ነገሩ የሚጀምረው ከሩቅ ነው። በስዊዘርላንድ፣ በባዝል ከተማ አጠገብ፣ ቅዱስ ክሪሾና የተባለ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። የሚያሠለጥናቸውም የእጅ ሙያ ያላቸውን ወጣቶች ነው፤ በሙያቸው እየኖሩ ወንጌል እንዲሰብኩ ታስቦ። ቀደም ሲል ጎንደርን ያዩት የኢየሩሳሌሙ የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባ እነዚህን ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ አሰቡ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. በነገሡ ማግስት ጉዳዩ ሲቀርብላቸው፣ ሰባኪ ሳይሆን ባለሙያ ቢመጣላቸው እንደሚወዱ አስታወቁ። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝሌን መጡ፤ ዋልድማየርና ዛልሙለር ተከተሉ። እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች ከመነሻው የተለያየ ውል በልባቸው ይዘው ነበር ማለት ነው። እነርሱ የተላኩት ለወንጌል ነው፤ ንጉሡ የፈለጓቸው ለእጃቸው ነው።

ጋፋት ላይ ሰፈሩ። መጀመሪያ መንገድ ጠረጉ፣ ጠመንጃ ጠገኑ። ከዚያ ግን ያላሰቡት ትእዛዝ መጣ፤ መድፍና ቦንብ ሥሩ ተባሉ። አናውቅበትም አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ መድፍ ማቅለጥ ከመካከላቸው የተማረ አልነበረም። ዋልድማየር ኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፣ ንጉሡ እምቢታውን አልተቀበሉትም። እሺ እስኪሉ ድረስ የታሰሩት አገልጋዮቻቸው ነበሩ። ሰዎቹም ቢያንስ እንሞክረው ብለው ገቡበት።

አንባቢ ሆይ! ነሐስ ማቅለጥ ቀላል ነገር አይምሰልህ። ያን ኃይለኛ እሳት የሚችል ምድጃ ያስፈልጋል፤ ምድጃውም ሳይፈርስ የሚቆይ ሸክላ ይሻል። የመድፉ ቅርጽ የሚወጣበት ጭቃ ጥቂት እርጥበት እንኳ ከቀረበት፣ የቀለጠው ብረት ሲፈስበት እንፋሎቱ ያፈነዳዋል፤ ወይም ብረቱን ባዶ ባዶ ያደርገዋል። የቀለጠው ብረት መሐል ላይ ቢቋረጥ ደግሞ የሳምንታት ልፋት ከንቱ ይቀራል። የጋፋት የመጀመሪያ ሙከራዎች ከሸፉ። ይሁን እንጂ ደጋግመው ሞከሩ፤ ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም በሥራው ገቡበት፤ በመጨረሻም ተሳካ። ንጉሡም በሽልማት አንበሸበሿቸው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በዚያን ዘመን በአገራችን ብረት ቀጥቃጭ ማን ነበር? ቡዳ እየተባለ የሚሸሽ፣ ማረሻውንና ጦሩን ከእጁ ተቀብለው ማዕዱን የማይቀርቡት ሰው ነበር። በዚያው በጎንደር አገር ቤተ እስራኤሎች በብረትና በሸክላ ሥራቸው የኖሩት ይህን ንቀት ተሸክመው ነው። ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ የተከለከለው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከዚያ 40 ዓመት ገደማ ቀድመው የቀጥቃጭን ሥራ የመንግሥት ዋነኛ ጉዳይ አደረጉት። ይህ ትልቅነታቸው ነው። ሆኖም ያን ክብር ያለበሱት ከባሕር ማዶ የመጣውን እጅ ነበር። ጭቃውን ያቦኩት፣ ከሰሉን ያከሰሉት፣ ወናፉን የነፉት የአገሬው ሰዎች ስም ግን በታሪኩ ውስጥ ጎልቶ አይታይም። የነዋልድማየርን ስም ከነትውልድ አገራቸው እንዘረዝራለን፤ ከምድጃው ሥር የቆመውን የፎገራና የእስቴ ልጅ ማን እንበለው?

ንጉሡ በነዚህ ብቻ አልረኩም። በ1858 ዓ.ም. ፍላድን ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ላኩት፤ ተጨማሪ ባለሙያና መሣሪያ እንዲያመጣ። እንግሊዞችም አንድ መሐንዲስና ጥቂት የእጅ ባለሙያዎች ቀጥረው፣ ከነመሣሪያቸው እስከ ምፅዋ አደረሷቸው። ነገር ግን ንጉሡ የያዟቸው አውሮፓውያን ሳይፈቱ አይገቡም ተባለ። እስረኞቹም አልተፈቱ። የተቀጠሩትም ባለሙያዎች ባሕሩ ዳር ወራት ቆጥረው፣ ደገኛውን አገር ሳያዩ ተመለሱ። በሥራ ታሪካችን ውስጥ እንዲህ ደጃፍ ደርሶ የተመለሰ ዕድል ስንት ይሆን?

የጋፋት ሠራተኞች የመጨረሻ ትልቅ ሥራ «ሴባስቶፖል» የተባለው መድፍ ነው። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን ለቀው፣ 500 ያህል ሰው መድፉን እየጎተተ ወደ መቅደላ ተጓዙ። በዋድላና በደላንታ ደጋ፣ በጅጣና በበሽሎ ገደል፣ መንገድ የሌለበትን እየጠረጉ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ዐፄው ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ይሠሩ እንደነበር ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። መድፉ መቅደላ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በገዛ እጃቸው አለፉ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው፤ አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ባለሙያዎቹስ? ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ዋልድማየር ሊባኖስ ገብቶ በብሩማና ትምህርት ቤት መሠረተ። ሞሪትዝ ሆል ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደች ሚስቱን ይዞ በያፋ ኖረ፤ ስመ ጥሩው የፊልም ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የልጅ ልጁ ልጅ ነው። ጋፋት ግን ወና ቀረች። የጋፋት ምድጃ የአንድ ሰው ፈቃድ ነበር፤ ያ ሰው ሲያልፍ የሚያቀጣጥለው አልተገኘም። ሙያው ከተቀጣሪዎቹ ጋር መጣ፤ ከእነርሱም ጋር ተመልሶ ሄደ።

እኔ ከጋፋት የተማርኩት ይህን ነው። በትንሽ መሥሪያ ቤት ቅጥር ማለት ወረቀት ማስመርመር አይደለም። ጥቂት ሰው ባለበት ቦታ የአንዱ እጅ ከሰነፈ ሁሉም ይቆማል፤ ስለዚህ አስቀድመው እጁን ያያሉ። ግን ደግሞ ሙያ የሚወለደው ከክሽፈት ነው፤ የክሽፈቱን ዋጋ የሚከፍል ሰው ሲገኝ። በጋፋት የከፈሉት ንጉሡ ነበሩ፤ ከእርሳቸውም በላይ የታሰሩት አገልጋዮች። የዛሬው ወጣት ለክሽፈቱ ነሐስ አያባክንም፤ የሚያባክነው ጊዜና መብራት ነው። አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን ሲሠራ፣ ጥሬ ዕቃው የኛው የልጅነት ጨዋታና ወግ ነበር። ያ ጥሬ ዕቃ በደብረ ታቦርም ሞልቷል።

ማታ ለልጁ ይህንኑ ነገርኩት። ትንሽም ቢሆን ያለቀ ነገር ሥራ፤ ቢከሽፍ ደግመህ ሥራ፤ ሲሳካልህም ለሠፈርህ ልጆች አሳያቸው፤ አንተ አዲስ አበባ ብትገባ ሙያው እዚህ እንዲቀር አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ደብተሩን አነሣና፣

«ጋሼ፣ ሴባስቶፖልን የጎተተው ስንት ሰው ነው ያሉኝ?» አለ።

«500 ያህል» አልኩት።

ጻፈው። ቀጥሎም የወንዞቹን ስም በየተራ ጠየቀኝ።